ዝም ብለህ ተናገር!

የዘንድሮ ልጅ አፍ አለው ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ። ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርር ጩኸቱ ጦሳ ተራራ ደርሶ ይመለሳል፤ «ወጣ በልና አንድ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ተናገር» ሲባል ግን ጣሪያ ጣሪያውን እያየ የሹራቡን እጅጌ ያኝካል። በሐሜት አይደለም የምናገረው። ጠጉሬ የሸበተው እዚሁ ደሴ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው። በኛ ጊዜ ጁኒየር ይባል ነበር፣ ዛሬ መካከለኛ ደረጃ ብለውታል። ስሙ ቢለወጥም እጅጌው ከመታኘክ አልዳነም።

ሰሞኑን ደግሞ የልጅ ልጄን ስዕላዊ ድርሰት ጻፍ ብለውታል። ርዕሱ «አያቴ» ነው። አያቱ አጠገቡ ተቀምጬአለሁ፤ ቀና ብሎ አንዴ እንኳን ሳያየኝ ጻፈና ጨረሰ። «ማይ ግራንድፋዘር ኢዝ ኤ ቶል ማን። ሂ ኢዝ ናይስ። አይ ላቭ ሂም ቬሪ መች።» ረጅም! እኔ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ እግሬ ወለል አይነካም። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ 9 ከ10 ሰጠው፤ አንዷን የቀነሰው ነጥብ ስለረሳ ነው። ቁመቴን ማንም አልጠየቀም።

ምን ይጽፍ መሰላችሁ? ካፖርቴ ላይ አንድ ቁልፍ ወልቆ በመርፌ ቁልፍ መያዙ አለ። ለምች የታሸሁት ዳማከሴ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ሬዲዮኑን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ዜና አንባቢውን ስሳደብ ይሰማል። ልነጫነጭ ስል ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ ይህንን ድመቷ እንኳን ታውቃለች፣ ከጭኔ ላይ ወርዳ ትሄዳለች። ልጁ ይህን ሁሉ ትቶ «ናይስ» አለኝ። ሚስቴን ብትጠይቁ እሱም ሐሰት ነው።

«ድገመው» አልኩት። ሁለተኛውን ስልኩ ጻፈለት። አሁንማ ዓይኖቼ የጥበብ ሐይቅ ሆኑ፣ የፊቴ መስመሮች የዘመናት መጽሐፍ። ሐኪሙ ዓይኔ ላይ ያለው ሞራ ነው ብሎኛል፤ ስልኩ ሐይቅ ይላል። በሐኪሙ ለመጽናት ወስኛለሁ።

ጥፋቱን ሁሉ ልጁ ላይ አልጭንም፤ ለአስተማሪዎቹም የሚሆን ቁጣ አስቀርቻለሁ። ስዕላዊ ድርሰት ብለው የሚጀምሩት ከቅጽል ዝርዝር ነው። ከዚያ የቅጽል ቅደም ተከተል ይመጣል፦ መጀመሪያ አስተያየት፣ ቀጥሎ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ የተገኘበት አገር፣ የተሠራበት ነገር። ልጁ ሰልፉን እንደ ውዳሴ ማርያም ይሸመድደዋል፤ የሚያሰልፈው ነገር ግን የለውም፣ ምክንያቱም ምንም አላየም። በማስተምርበት ጊዜ «ቢዩቲፉል»፣ «ናይስ» እና «ጉድ» የሚሉትን ከክፍሌ አባርሬ ነበር። በነጋታው 60 ደብተር ሰበሰብኩ፤ ሁሉም «ቬሪ ቬሪ ኢንተረስቲንግ» ይላል።

በኋላ እንቆቅልሽ አወጣሁ። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ከ1955 የትምህርት ዘመን ጀምሮ አገራችን ትምህርት ቤቶች የገቡት የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ናቸው፤ እነሱ ዕቃ ከረጢት ውስጥ ደብቀው «ስሙን ሳትጠሩ ግለጹት» ይሉን ነበር። እኛም እንደ ትልቅ የፈረንጅ ጥበብ ተደነቅንበት። ማታ ማታ እሳት ዳር «ምን አውቅልህ» ስንባባል ያደግን ልጆች! እኔ የፈረንጁን ከረጢት ትቼ በአያቴ ደንብ ሄድኩ፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል። አንዲት በዓመት አንድ ቃል ያልተነፈሰች ልጅ ተነሳች። ጥቁር ናት፣ አንገቷ ረጅም ነው፣ ሆዷ ሲቃጠል በአፏ ይጨሳል፣ ብትሰበር እናቴ ትመታኛለች አለች። ሰዋስዉ እንክትክት ብሏል፤ «ሺ» እና «ኢት» ተደባልቀዋል። ክፍሉ ግን «ጀበና!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ሰው ፊት ቆማ መናገሯን ያወቀችው ከተቀመጠች በኋላ ነው።

ጩኸቱን ሰምቶ ርዕሰ መምህሩ መጣና «ምንድነው ሁከቱ?» አለኝ። እንግሊዝኛ ነው አልኩት። እሱ ጸጥ ያለ ክፍል ሲያይ ትምህርት አለ ብሎ የሚያምን ሰው ነበር።

ስለ ንግግሩ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። 60 ተማሪ ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢናገር 180 ደቂቃ ነው፤ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከሆነ አራት ተኩል ክፍለ ጊዜ በላ። 59ኙ ያንዱን ሲሰማ ያዛጋል። ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ብታናግሯቸው ግን 30ው በአንዴ ያወራል፤ ከዚያ አራት አራት፣ ከዚያ ሰሌዳው ፊት። ይህን የማያውቅ አስተማሪ የለም፤ ርዕሰ መምህሩን ይፈራል እንጂ። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ምርጫ ነው፣ ፊደል ማጥቆር። መጽሐፉ በየምዕራፉ «ተናገሩ»፣ «ጻፉ» ቢልም ለማይፈተን ነገር ማን ጉሮሮውን ያደርቃል?

እናም የቀረው ሽምደዳ ነው። ሁሉም «ጉድ ሞርኒንግ ሌዲስ ኤንድ ጀንትልመን» ብሎ ይጀምራል። ሰባተኛ «ለ» ውስጥ ጀንትልመን ከየት መጣ? መሐል ላይ አንዲት ቃል ከጠፋችው ደግሞ ወደ «ጉድ ሞርኒንግ» ተመልሶ እንደገና ይነሳል። በአንድ ንግግር አራት ጊዜ ደህና አደራችሁ ተብዬ አውቃለሁ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ። ጓደኛው ኪኪ ካለበትማ አለቀ፣ ተመልሶ እጅጌውን ይይዛል። ንጉሡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ሊናገሩ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው፤ እስኪያስወጧቸው ቆመው ጠበቁና ንግግራቸውን በአማርኛ አደረሱት። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ «ቲቸር፣ ለንጉሡ ስንት ማርክ ተሰጣቸው?» አለኝ።

ለነገሩ ነገ የልጅ ልጄ ያንኑ ድርሰት ክፍል ፊት በቃሉ ሊያቀርብ ነው። ቁመቴን አስተካክሎልኛል፤ ስለ መርፌ ቁልፉም ጽፏል፣ የድመቷን ነገር ግን ማን እንደነገረው እንጃ። ከእራት ጀምሮ እያለማመድኩት ነው። እግር እንዴት እንደሚቆም አሳየሁት፣ እጅ የት እንደሚቀመጥ፣ ዓይን ከማን እንደሚጀምር፤ ስለ በላ ልበልሃ ሙግት፣ ዘንጋቸውን ተክለው ዳኛ ፊት ስለሚቆሙት ተሟጋቾችም አጫወትኩት። ልጁ ሊጀምር አፉን በከፈተ ቁጥር አንድ የረሳሁት ነገር ትዝ ይለኛል። ሚስቴ ከጓዳ «አንተ ሰውዬ፣ ልጁ መቼ ሊናገር ነው?» ትላለች። ምን ያስቸኩላታል? ገና አተነፋፈስ አልነገርኩትም።