ርክርክ ስንት ነው?

ቅዳሜ ከይፋግ ገበያ ስመለስ የእህቴ ልጅ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። አብራሪነት ሊሠለጥን ነው። እልል ልል አፌን ስከፍት ወረቀት መዘዘ።

«ጋሼ፣ ዋስ ይሁኑኝ።»

ከተባለው ዓመት በፊት ሥራውን ቢለቅ የሥልጠናውን ወጪ እሱ ይከፍላል፤ እሱ ባይከፍል እኔ። የደመወዜ ማስረጃም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በደብዳቤ ይምጣ ተብሏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 የገንዘቡ ጣሪያ ያልተጻፈበትን ዋስትና ፈራሽ ያደርገዋልና ወረቀቱን በተስፋ ገለጥሁት። ጣሪያው ተጽፏል፤ ልጁ ከሚያበረው አውሮፕላን ከፍ ብሎ።

ኮራሁ። ይፋግ ድሮ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ በአሞሌ ጨው የሚገበያዩባት ባለስም ገበያ ነበረች። በመምህር ደመወዝ ለአውሮፕላን ዋስ የተጠራባት ግን ገና ዛሬ ነው።

እንዲህ ያለው ብልሃት እስከ ዛሬ የት ከርሞ ነው? በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚያስመሰክሩት የኔታ ስንት ገንዘብ ባክኖባቸዋል! ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይመጣል፤ ዓመት ከዓመት ተምሮ፣ አስመስክሮ፣ ወደ ፈለገው ደብር ይሄዳል። ውል የለ፣ ዋስ የለ። ከእንግዲህስ ሒሳቡ በዜማ ምልክት ይሁን። ለይዘት ይህን ያህል፣ ለድፋት ይህን ያህል፤ ርክርክ ጉሮሮ ስለሚፈጅ እጥፍ። ተማሪው የለመነው ቁራሽም ይታሰብ፤ ራሱ ለምኖ ራሱ ቢበላውም፣ የተሰጠው በየኔታ ተማሪነቱ ነውና። ሲለምን የነከሰው ውሻ «የተግባር ልምምድ» ተብሎ በሰዓት ይያዝ። ተማሪው መሪጌታ ሆኖ አዲስ አበባ የተሻለ ደብር አግኝቶ ቢሄድ የኔታ ይክሰሱ፤ ዳኛው የተማረውን ድጓ ይመልስ ብለው ይፍረዱ። እሱም ችሎት ቆሞ ከዮሐንስ ጀምሮ እያዜመ ይመልስ፤ ጸሐፊው እየቆጠረ ይረከብ። አንዲት ርክርክ ብትጎድልስ? ዋሱ ያዜማታል። ዋሱ እኔ ነኝ፤ እኔ ሳዜም ደግሞ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ያለቅሳል።

እናቶችም ቆሞ መሄድ ያስተማሩበትን ያስከፍሉ። ወይፈኑም ቀንበር ለምዶ ከተሸጠ ይከሰስ።

ብልሃቱ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሳዘርን ኤርዌይስ የተባለ ትንሽ አየር መንገድ ቀድመው የለቀቁ አብራሪዎቹን የሥልጠና 20 ሺህ ዶላር ክፈሉ ብሎ ከስሷል። እኛ ግን ታላቅ አለን። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ እንዳይሄድባቸው የፈለጉትን ፈረንጅ በሰንሰለት አሰሩት። የሰንሰለቱን ዋጋ ግን አላስከፈሉትም፤ አጎቱንም ዋስ ጥራ አላሉትም።

ሽሙጡ ይቅር። ሥልጠና ውድ ነው፤ ሠልጥነህ ይህን ያህል ዓመት አገልግል ማለትም ነውር የለበትም። ዕዳው ግን ልጁ ባገለገለ ቁጥር መቅለል አለበት፤ ያገለገለበት ወር ከፍሏልና። ቀጣሪ ለራሱ አውሮፕላን፣ ለራሱ ሥራ ያወጣውን ወጪ እስከ ሲሙሌተሩ ሰዓት ድረስ በሠልጣኙ ጫንቃ ላይ ጭኖ፣ የዘመዱን ደመወዝ መያዣ ካደረገ፣ ይህ ሥልጠና አይደለም። እግር ብረት ነው። ሰው እንዲቆይለት የሚፈልግ ደህና ይክፈል፣ በደንብ ይያዝ።

እኔማ ፈረምሁ፤ የእህቴ ልጅ ነዋ። እናንተ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ ዕዳው በየዓመቱ ይቀንስ እንደሆነ።

የኔው አይቀንስም።