የ200 ሰዓት ሊቅ

የዮጋ መምህርነት በአጭር ጊዜ ከሚገኙ የእውቀት ማዕረጎች አንዱ ነው። የሚጠይቀው 200 ሰዓት ብቻ ነው። መለኪያውን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ዮጋ አሊያንስ የተባለው ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩ ፈቃድ ሰጪ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን መዝገብ ያዥ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት የሚማር ሰው ሥልጠናውን በ25 ቀን ይጨርሳል፤ ጥቂት ዕረፍትና የምረቃው ሥነ ሥርዓት ሲታከሉበት 28 ቀን ይሞላል። ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ጫጩት እስክታወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል። ስለዚህ የዮጋ መምህር ከጫጩት በአንድ ሳምንት ይበልጣል፤ ያችን አንድ ሳምንት የምትወስዳት ፍልስፍናዋ ናት።

የሥልጠናው ዋና ከተማ ሪሺኬሽ ናት። በሰሜን ሕንድ፣ በኡታራካንድ ግዛት፣ የጋንጅስ ወንዝ የሂማላያን ተራሮች ለቅቆ ወደ ሜዳው በሚወጣበት ቦታ ትገኛለች። ለመንፈሳዊ ክብሯ ሲባል በከተማዋ ሥጋና አልኮል አይሸጥም። ሰርተፍኬት ግን ይሸጣል።

የአሁኑን ፍጥነት ለማድነቅ የቀድሞዎቹን ዝግመት ማወቅ ይጠቅማል። የዘመናዊው የአካል እንቅስቃሴ ዮጋ አባት የሚባለው ክሪሽናማቻሪያ (1888–1989) በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተማረ ሰው ነው። እሱ ራሱ እንደተናገረው፣ በሂማላያ አካባቢ ከአንድ መምህር እግር ሥር ሰባት ዓመት ተኩል ቆይቷል። ጊዜውን እንዲህ ባያባክነው ኖሮ በዛሬው ስሌት 97 ጊዜ በተመረቀ ነበር። ተማሪው ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋርም ከዚህ ጥፋት አልተማረም። ፑኔ ከተማ ውስጥ ማስተማር የጀመረው በ1937 ሲሆን፣ 200 ያህል አሳናዎችን (የሰውነት አቋቋሞችን) በ600 ያህል ፎቶግራፎች ያሳየበትን መጽሐፉን ያሳተመው በ1966 ነው። ዛሬ አንድ ምሩቅ የመጀመሪያውን የትምህርት ቪዲዮ የሚለቀው የምረቃው አበባ አንገቱ ላይ ሳይጠወልግ መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ 29 ዓመት ምን ሲደረግ እንደቆየ ለመገመት ያዳግታል። የአየንጋር ትምህርት ቤቶች ዛሬም አንድ እጩ ለመምህርነት ከመቅረቡ በፊት ለዓመታት ተማሪ ሆኖ እንዲቆይ የሚጠይቁት ከዚህ የቆየ ጭካኔ የተነሣ ነው።

ከሁሉም የባሰው ፓታንጃሊ ነው። የዮጋን ፍልስፍና ከ1,500 ዓመት በላይ አስቀድሞ ሁለት መቶ በማይሞሉ አጫጭር አንቀጾች ሲያጠናቅር መንገዱን በስምንት ክፍሎች መደበው፦ ከሌሎች ጋር ባለ ግንኙነት ራስን መግዛት፣ በግል ሕይወት ሥርዓት መያዝ፣ አሳና፣ የትንፋሽ ቁጥጥር፣ ስሜትን ወደ ውስጥ መመለስ፣ ልብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ተመስጦና በመጨረሻ ሳማዲ (ፍጹም ውሕደት)። ዛሬ ዮጋ ማለት አሳና ብቻ እስኪመስል ድረስ አዳራሹን ስለሞላው አቋቋምና አጣጣፍ የጻፈው ሦስት ያህል አንቀጽ ብቻ ነው፤ ምክሩም አቀማመጥ የጸናና የተመቸ ይሁን የሚል ነው። «ቁልቁል የሚያይ ውሻ» ስለሚባለው አሳና አንድ ቃል አልተነፈሰም። ልምምድ ሥር የሚሰድደው ለረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥና በትጋት ሲደረግ ነው ቢልም፣ ረጅም ጊዜ ስንት ሰዓት እንደሆነ መጻፍ ዘነጋ። ቀዳዳውን ማኅበሩ በ200 ደፍኖታል።

የሥርዓተ ትምህርቱ አከፋፈል እንከን አይወጣለትም። የማኅበሩ መለኪያ ለሰውነት አካላት ትምህርት 30 ሰዓት፣ ለታሪክ፣ ለፍልስፍናና ለሥነ ምግባር ደግሞ ሌላ 30 ሰዓት ይመድባል። የሰው ልጅ 206 አጥንትና ከ600 በላይ ጡንቻ ስላለው ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ገደማ ይደርሳቸዋል፤ ጅማት፣ ነርቭና ልብ ከተረፈው ጊዜ ይቃመሳሉ። ፍልስፍናው ለስምንቱ ክፍሎች እኩል ቢታደል ለእያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። መናኞች ዕድሜ ልካቸውን በዋሻ ውስጥ የሚፈልጉት ሳማዲ እዚህ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ከእራት በፊት ያልቃል። የቀረ ተማሪ ከጓደኛው ይቀዳል።

የዘዴውን ብልጫ ታሪክም ይመሰክራል። በ1968 የቢትልስ የሙዚቃ ቡድን አባላት በሕንዳዊው የተመስጦ መምህር በማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ አሽራም (መንፈሳዊ ማደሪያ) ተመስጦ ሊማሩ ሪሺኬሽ ወርደው ነበር። ሪንጎ ስታር ምግቡ አልስማማው ብሎ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ተመለሰ። ፖል ማካርትኒ ከአንድ ወር በላይ፣ ጆን ሌነንና ጆርጅ ሃሪሰን ደግሞ ሁለት ወር ያህል ቆዩ። ይዘው የተመለሱት በርካታ ዘፈኖችን ብቻ ነው። ዛሬ ቢሆን ፖል ሙሉ መምህር፣ ጆንና ጆርጅ የመምህራን መምህር፣ ሪንጎም የ18 ቀን ዕዳ ያለበት እጩ ሆነው ይመለሱ ነበር። የሙዚቃ ጥበብ የዓመታት ልምምድ ስለሚያስገድድ ከዮጋ የተሻለ አማራጭ እንዳልነበር ግልጽ ነው።

የሥርዓቱ ትልቁ በረከት ግን መራባቱ ነው። ለብዙ የዮጋ አዳራሾች ከዕለቱ ክፍል ይልቅ የመምህራን ሥልጠና የተሻለ ገቢ ያስገኛል፤ ስለዚህ በየአዳራሹ ደህና ያጎነበሰ ተማሪ ሁሉ መምህር እንዲሆን ይጋበዛል። ማኅበሩ ሌሎችን ለመምህርነት የሚያሠለጥን ሰው ተጨማሪ ልምድ እንዲኖረው መጠየቁ የአሮጌው ጥርጣሬ ርዝራዥ ነው። ርዝራዡ ቢወገድ የሚሆነውን ማስላት ይቻላል። አንድ መምህር መስከረም 1 ሥራ ጀምሮ በ28 ቀን 20 መምህራን ያወጣል እንበል፤ ሃያዎቹም በተራቸው ሃያ ሃያ ያወጣሉ። በጥቅምት መጨረሻ 400 ይሆናሉ፤ በኅዳር 8,000፤ በታኅሣሥ 160,000፤ በጥር 3.2 ሚሊዮን። በየካቲት 18 አዲሶቹ ምሩቃን 64 ሚሊዮን፣ መጋቢት 16 ደግሞ 1 ቢሊዮን ከ280 ሚሊዮን ይሆናሉ። ሚያዝያ 14 ቁጥሩ 25 ቢሊዮን ከ600 ሚሊዮን መድረስ ነበረበት፤ ምድር ግን ከስምንት ቢሊዮን ብዙም የማይበልጥ ሰው ብቻ በመያዟ ዕቅዱ ይስተጓጎላል። ያም ሆነ ይህ፣ ከፋሲካ ወዲያ ወዲህ መምህር ያልሆነ ሰው አይኖርም። ሕፃናት የእግራቸውን ጣት ያለ አስተማሪ አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱ በልምድ ማስረጃ ይታለፋሉ።

በዚያ ቀን ጠዋት ስምንት ቢሊዮን መምህራን ምንጣፋቸውን አንጥፈው ለስለስ ባለ ድምፅ «ወደ ውስጥ ተንፍሱ» ይላሉ። ሁሉም እያዘዘ ስለሆነ የሚተነፍስ አይገኝም። እያንዳንዱ የጎረቤቱን ጉልበት ሊያስተካክል ይነሣል፤ ጎረቤቱም የእሱን ዳሌ ሊያስተካክል ተነሥቷልና መንገድ ላይ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም በትሕትና ተሳስመው «ሰውነትህን አዳምጥ» ይባባላሉ። ሻቫሳና፣ ማለትም እንደ ሬሳ በጀርባ ተጋድሞ ዝም ማለት፣ በአንድ ቀን ከምድር ይጠፋል፤ ከሚጋደሙት መካከል ዝም የሚል የለምና።

በዚህን ጊዜ ተማሪ እንደ ወርቅ ይፈለጋል። ከሥልጠናው አምልጦ የቀረ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው አንድ ሽማግሌ በአንድ ገጠር መገኘቱ ሲሰማ መምህራን ከየአህጉሩ ምንጣፋቸውን ተሸክመው ደጁን ይጠናሉ። ሰልፉ ሁለት ወንዝ ይሻገራል። ክፍያው ይገለበጥና መምህር ለተማሪ ይከፍላል። «አባባ፣ እስቲ በደንብ ይተንፍሱ» ሲሉት «ልጄ፣ እስከ ዛሬ በምን የኖርኩ መስሎሃል?» ይላቸዋል፤ ይህችም መልስ በየአገሩ ተተርጉማ በቲሸርት ላይ ትታተማለች። ሽማግሌው ሲደክመው ወራሽ ያስፈልገዋልና የተማሪነት ማሠልጠኛ ይከፈታል። የመጀመሪያው ትምህርት ዝም ማለት፣ ሁለተኛው የጎረቤትን ጉልበት አለመንካት፣ ሦስተኛው ዛሬም እንደ ትናንቱ አለመቻል፣ አራተኛው ነገ ተመልሶ መምጣት ነው። ማኅበሩ ለዚህም 200 ሰዓት ይመድብና በ28ኛው ቀን ሲፈትን አንድም ሰው አያልፍም። ጊዜው ወደ ሦስት ዓመት ይራዘማል፤ አሁንም የሚያልፈው ጥቂት ነው። በሰባት ዓመት ተኩል ግን ውጤቱ መሻሻል ይጀምራል።

ሌሎቹ የዘርፉ ግኝቶች በአጭሩ የሚጠቀሱ ናቸው። ከ2020 ወዲህ ሥልጠናው በኢንተርኔት ስለሚሰጥ መምህር ለመሆን ከአልጋ መውረድም የግድ አይደለም። በ2016 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፍየሎች በሰው ጀርባ ላይ የሚዘሉበት ዮጋ ተጀምሯል፤ ፍየሎቹ እስካሁን ሰርተፍኬት አለመጠየቃቸው ከዘርፉ ተሳታፊዎች ሁሉ ትሑቶቹ ያደርጋቸዋል። አለመስገብገብ ከፓታንጃሊ የመጀመሪያ ክፍል ትእዛዛት አንዱ ስለሆነ፣ በአሜሪካ ከተሞች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፈልበት ሥልጠና ተማሪውን ከገንዘብ ፍቅር ለማላቀቅ ታስቦ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

በዚያው ክፍል ከሁሉ ፊት የተጻፈው ትእዛዝ አለመጉዳት ነው። የዘመኑ አዳራሽ ይህን ትእዛዝ ግድግዳው ላይ ጽፎ ከሥሩ በራስ መቆምን ያስተምራል። ሺርሻሳና በሚባለው በዚህ አሳና እጅና ክንድ ካልተሸከሙት የሰውነት ክብደት አንገት ላይ ያርፋል። ባለፈው ወር የተመረቀ መምህር ዛሬ ጠዋት ያወቃትን የስድሳ ዓመት ሴት እግር ይዞ ወደ ላይ ያነሣል፤ ደም ግፊት፣ የዓይን ግፊት ወይም የተጎዳ ዲስክ እንዳለባት አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም መልሱን ምን እንደሚያደርገው አልተማረም። በ28 ቀን የሠለጠነ ሰው የሌላውን ሰው አንገት መንካት የለበትም። አራት ነጥብ። አንገት ሰርተፍኬት አያነብም። ጉዳቱ ሲደርስ መምህሩ ለተጎጂዋ የሚሰጠው ምክርም ሰውነቷን ባለማዳመጧ ራሷን ይቅር እንድትል ነው።

ምዝገባው ዓመታዊ ክፍያ አለው፤ ያልከፈለ ስሙ ከመዝገቡ ይወጣል። በዚህ መለኪያ ፓታንጃሊ ራሱ ብቁ አይደለም፤ የተቆጠረ ሰዓት የለውም፣ የአካላት ትምህርት አልወሰደም፣ ክፍያውም አልገባም። ክሪሽናማቻሪያም መቶ ዓመት ኖሮ መዝገቡ ሳይከፈት ነው የሞተው። ሁለቱን ያሳለፈ ፈተና የለም፤ ተማሪዎቻቸው ብቻ ነበሩ የመሰከሩላቸው።

ሥልጠናው በራሱ ክፉ አይደለም። ጠዋት ተነሥቶ መተንፈስ፣ ሰውነትን ማፍታታት፣ አንድ ወር ሙሉ ያለ ሥጋና ያለ መጠጥ ወንዝ ዳር መቀመጥ ማንንም አይጎዳም፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ሲነሡ የሚፈልጉት ከዚህ የበለጠ አልነበረም። ጉዳቱ የሚመጣው በመጨረሻው ቀን፣ ከወረቀቱ ጋር ነው። 200 ሰዓት ለጀማሪ ጥሩ ጅምር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ «መምህር» የሚለው ወጥቶ «መማር ጀምሯል» የሚል ቢገባበት ሁሉም ነገር በቦታው ይሆናል። ማተሚያ ቤቱ ለዚህ ከግማሽ ቀን በላይ አያስፈልገውም።