ፓርክ ሄዳለች

ደብረ ብርሃን ላይ «ልጅቷ የት ሄደች?» ተብሎ «ፓርክ» የሚል መልስ ከመጣ ጠያቂው ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር አይቀርም። ፈረቃዋ ደርሶ ከሆነ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ ናት፤ እሑድ ከሆነ ደግሞ መናፈሻ ገብታ ፎቶ እየተነሣች ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ ዘመዷ በስልክ ቢሰማው አንድነት ፓርክ ወይም እንጦጦ ይመጣበታል፤ ሹፌር ቢሰማው ደግሞ «መኪና ገዛች እንዴ?» ይላል። አንዲት የእንግሊዝኛ ስም አገራችን ገብታ አራት ቦታ ተቀጠረች። ዕድለኛ ናት፤ ስንቱ ተመራቂ አንድም አላገኘ።

ለቋንቋ ተቆርቋሪው ይህ ሁሉ መበላሸት ነው። ፓርክ ማለት ዛፍ፣ ሣርና አግዳሚ ወንበር ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰ ሼድ በምን ሒሳብ ፓርክ ይባላል? ይላል። እኔ ግን ቃሉ አልተበላሸም ባይ ነኝ። በአውሮፓ መካከለኛው ዘመን ፓርክ ዋናው ቁም ነገሩ አጥሩ ነበር፤ ነገሥታትና መኳንንት አጋዘን የሚያድኑበትን ደን ከልለው ድኻ ድርሽ እንዳይልበት ያደረጉት ግቢ ነው። ድኻው ገብቶ መናፈስ የጀመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሠራዊት መድፉንና ጋሪውን አሰልፎ የሚያቆምበት ግቢም ፓርክ ተባለ፤ የመኪናው ፓርክ ከዚያ ወገን ነው። እንግዲህ በ2011 የተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ለቃሉ ከመናፈሻው ይልቅ የቅርብ ዘመድ ሆኖ አረፈው። አዋጅ ቁጥር 886/2007 ራሱ የኢንዱስትሪ ፓርክን ሲተረጉም የጀመረው ወሰኑ ተለይቶ ከታወቀ ቦታ ነው። ስለ ዛፍ ማን አነሣ?

«ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክስ? እዚያ አጥር የት አለ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አጥር የለም፤ ግን ደባርቅ ላይ ሳይከፍሉና ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ሳያስከትሉ ሽቅብ መውጣት የለም። ስለዚህ ትርጉሙን ትንሽ ላስፋው፦ ፓርክ ማለት ዘበኛ ያለው ቦታ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ባጅ ይጠየቃል፣ መናፈሻው በር ላይ ቲኬት ይቆረጣል። የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ እንኳ አለ፤ ሲያቆሙ የማይታይ፣ ሞተር ሲነሣ ግን መስኮቱ ሥር የሚበቅል።

ይህን መለኪያ ይዘን ሰሜን ሸዋን ስናይ ነገሩ ይጣፍጣል። መንዝ ጓሳ ላይ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ በቀሮ ሥርዓት ሣሩን ሲጠብቅ ኖሯል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ማጨድም ማገድም ክልክል ነበር። የተመረጠ አለቃ ነበር፣ ተራ ጠባቂ ነበር፣ ሥርዓቱን ለጣሰ ቅጣት ነበር። ሲከፈት ቤት የሚከደንበት ሣር ይታጨድ ነበር። ይህን ያፈረሰው ጭላዳ ወይም ቀይ ቀበሮ አይደለም፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲወርስ የጥበቃውን መሠረት አብሮ ነቀለው። ሕዝቡ ግን ጨርሶ አልተወውም፤ በኋላ ተደራጅቶ ዳግም ያዘው። ከዚህ በላይ ፓርክነት ከየት ይመጣል? ስሙ ግን «የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ» ነው። በአንኮበር አቅጣጫ ያለው ወፍ ዋሻም ደን እንጂ ፓርክ ሲባል አይሰማም። አዲስ አበባ አጠገብ ያለውን የሱባን ደን ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስመጣው የጽድ ችግኝ አስተከለው የሚለውን ትውፊት ከተቀበልን፣ ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ንጉሥ ከኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። አንኮበርማ ስሟ በትውፊት «የአንኮ በር» ነው። በር ካለ ዘበኛ አይጠፋም።

«ታዲያ መናፈሻ የሚል አማርኛ እያለን ለምን እንበደራለን?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ «የኢንዱስትሪ መናፈሻ» በሉና ስምንት ሰዓት ስትሠራ የዋለች ልብስ ሰፊ ፊት ተናገሩት። ደግሞ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት። ነፋስ የሚፈልግ ማን አለ? ሰው ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ፀሐይ ለመሞቅ ነው፤ እሱም ጥላውን እየሸሸ።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። በ2016 በወጣው አዋጅ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ወደ «ልዩ የኢኮኖሚ ዞን» የሚሻገሩበት መንገድ ተከፍቷል። ዞን ደግሞ እኛ ዘንድ ሥራ ፈት አይደለም፤ ወረዳ ያስተዳድራል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። የሰሜን ሸዋ ዞን መቀመጫ በሆነችው ደብረ ብርሃን ውስጥ ሌላ ዞን ሲጨመር «ዞን ተጠራሁ» ያለ ሰው ለሥራ ይሁን ለክስ በምን ይታወቃል? የፓርክን አራት ትርጉም ለምደነዋል። ሰሌዳ የምታጽፉ ሁሉ፣ እባካችሁ ፓርክን ተዉልን።