«ማን ብሎታል?»

ሰለቸን። ጫግኒ ውስጥ ወረቀት የታቀፈ ወጣት ባየን ቁጥር «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንሁም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም» የሚለው ሰንጠረዥ ነው የሚታየን። እኔም ይዤው ዞሬያለሁ። በአገውኛ አፋቸውን የፈቱ አንድ አባት ፊት ቁጭ ብዬ «እስማማለሁ» ከ«በጣም እስማማለሁ» በምን እንደሚለይ ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ «ልጄ፣ የሆነውን ልንገርህና አንተ በፈለግህበት አድርገው» አሉኝ። ነገሩኝ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

ጊዜው 2013 ዓ.ም.፣ ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ራንች መጠለያ የሰፈሩበት ነው። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ በእነሱ ጉዳይ ነበር። ፕሮፖዛሌ ደግሞ ስደትን «ገፊና ሳቢ ምክንያት» ብሎ በሚከፍለው ንድፈ ሐሳብ ላይ ተሠርቷል። ነፍሱን ለማዳን ሌሊት በእግሩ የወጣን ሰው ምን ሳበህ ይሉታል?

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ግን ሌላ ነገር ይጠራቀም ጀመር። መጠለያ ሳይሆን ከተማው ውስጥ ሰው ቤት የተጠጉትን «እዚህ ቤት እንዴት ገባችሁ?» ስላቸው ብዙዎቹ «አበልጄ ነው» ይሉኛል። አንዲት እናት ወንድሟ እዚሁ እያለ አበልጇ ቤት ነው ያረፈችው። ለምን ብላት «ወንድሜን እግዜር ሰጠኝ፤ አበልጄን ግን ራሴ መረጥሁት፣ እሱም ሰው ፊት እሽ ብሏል» አለችኝ። እኔም በምርጫ የተያዘና በሰው ፊት የታሰረ ዝምድና በክፉ ቀን ከሥጋ ዝምድና ሊቀድም ይችላል ብዬ አምስት ገጽ ጻፍሁ። አማካሪዬ ኅዳጉ ላይ በቀይ ሁለት ቃል ጽፎ መለሰልኝ፦ «ማን ብሎታል?»

ማንም አላለውም። አዲስ ሐሳብ ማለት ገና ማንም ያላለው ነው። አምስቱን ገጽ አወጣሁ፣ ገፊና ሳቢን መለስሁ፣ አለፍሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ። አብረውኝ የተማሩትን ስጠይቅ ሁሉም አንድ ናቸው። ምዕራፍ ሁለት ከባለፈው ዓመት ተመራቂ ይገለበጣል። «የጥናት ክፍተት» የሚባለው «በዚህ ወረዳ ስላልተጠና» ነው፤ ጓንጓ ወጥቶ ዳንግላ ይገባል፣ ንድፈ ሐሳቡ ግን ንቅንቅ አይልም። የሚያበሽቀው፣ ግሌዘርና ስትራውስ በ1967 እ.ኤ.አ. ንድፈ ሐሳብ ከመስክ መረጃ ራሱ ሊወጣ እንደሚችል ያሳዩበትን መጽሐፍ በምርምር ዘዴ ኮርስ ያስተምሩናል። ፈተና ላይ ጽፈን ሙሉ ነጥብ ያገኘንበትን መመረቂያው ላይ እንከለከላለን።

አገራችን የሐሳብ መካን ሆና አታውቅም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የምድሩን ፍሬ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ በንግዱ እንዴት እንደሚጎዳ አስረድቷል። አርጀንቲናዊው ፕሬቢሽ ተቀራራቢ ሐሳቡን ይዞ ዓለምን ያነጋገረው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በምዕራፍ ሁለታችን የገብረ ሕይወትን ስም ያየ ካለ ይንገረኝ። አማርትያ ሴንም በ1981 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ የእኛኑ የወሎ ረሀብ ወስዶ፣ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም ሳይንር ሰው ለምን እንዳለቀ ጠየቀ፤ ከዚያም ረሀብ የእህል እጥረት ብቻ ሳይሆን እህሉን የማግኘት አቅም ማጣት መሆኑን አሳየ። ሬሳው የእኛ፣ ንድፈ ሐሳቡ የሌላ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለዚያው ረሀብ የጻፉትንም ቢሆን ስንቱ ተማሪ ከፍቶት ያውቃል?

መምህሮቻችን፣ የሚነበበውን ሁሉ እንድናነብ ማዘዛችሁ ትክክል ነው። ግን ተማሪው ከመስክ ሲመለስ መጀመሪያ «ምን አየህ?» በሉት። መጠይቁንም ስታጸድቁለት፣ እኒያ አባት የነገሩኝን ዓይነት የሚጽፍበት ባዶ ገጽ ከሰንጠረዡ በታች አስጨምሩለት።