ሪፖርቱስ መቼ ይለወጥ?

«ደህና ነሽ? ልጆች ደህና?» የሚባለው ለሌላ ሰው ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ለሆንኩት ለእኔ የተመደበችልኝ ሰላምታ አንዲት ናት፦ «ተናገረ ወይ?»

«እሱ ገና ነው፤ አንተ ግን እያካካስክለት ነው» እላለሁ ለጠያቂው።

ቡና ላይ ጎረቤቴ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የትኛውን ታቦት አስቀይመሽ ይሆን?» አሉኝ። «በዚህ ክስ ፈረንጅ ቀድሞዎታል እትዬ» አልኳቸው። «የቺካጎው ብሩኖ ቤትልሃይም በ1967 እ.ኤ.አ. ጥፋቱ ፍቅር የነፈገች እናት ነው ብሎ መጽሐፍ አሳትሟል። ደግነቱ በርናርድ ሪምላንድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ እሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ በ1964 ነገሩ የእናት ጥፋት እንዳልሆነ ጽፎ ጨርሶ ነበር።»

እትዬ አሰቡ፣ አሰቡና «ታዲያ አባትየው ናቸዋ!» አሉ።

እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ። ሁለተኛውን ጠጥቼ ወጣሁ።

«ክትባት ነው አሉ» የሚል ዘመድም አለኝ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ያወጣው ላንሴት መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል፤ የዘመዴ ዜና ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

ልጄ የራሱን ንግግር ገና ባይጀምርም የሰማትን ቃል ይዞ ይደጋግማል። ታክሲ ውስጥ «ሒሳብ፣ ሒሳብ፣ ሒሳብ» ሲል ረዳቱ ዞረና «ኧረ ዝም አስብዪው! ምን ሆኖ ነው አንድ ቃል የሚደጋግመው?» አለኝ።

«አንተ ከንጋት ጀምረህ መገናኛ፣ መገናኛ፣ መገናኛ ስትል ሥራ ይባልልሃል፤ እሱ ሲሆን ሕመም?»

ታክሲው ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ፤ ሒሳቡን ግን አልማረኝም።

የመንገዱስ ይለፍ። እኔን የሚያንገበግበኝ ደብተር ይዞ፣ ማኅተም መትቶ፣ ክፍያ ተቀብሎ የሚመጣው ነው። የልጄ የልዩ ፍላጎት ክፍል ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ልጅዎ ጥሩ ለውጥ እያሳየ ነው፤ በዚሁ ይቀጥል።» ያለፈው ሴሚስተርም ይኸው ነበር። ከዚያ በፊቱም።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። «ልጁ ከተለወጠ ሪፖርቱ ለምን አይለወጥም?»

«እመቤት፣ ደስ አላለዎትም?»

«ደስ ብሎኛል፤ በምን ደስ እንዳለኝ ንገሩኝ እንጂ!»

የልጄ የትምህርት ዕቅድ ላይ «እጁን ራሱ ይታጠባል» ተብሎ ተጽፏል። እጅ መታጠብ ለእናንተ አንድ ሥራ ነው። ለእሱ ቧንቧ መክፈት፣ ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሳት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መዝጋት፣ ማድረቅ ነው። በእያንዳንዷ ላይ መምህሯ እጁን ይዛ ነው ያሠራችው? ክንዱን ነካ አድርጋ? በጣቷ አመልክታ? ወይስ እጇን አጣጥፋ ቆማ ነው ራሱ ያደረገው? መስከረም ላይ የቱ ጋ ነበር፣ አሁን የቱ ጋ ደረሰ? ሳሙና ላይ ከቆመ ሳሙና ላይ ቆመ በሉኝ። ማታ እኔም እዚያው ላይ እቆማለሁ።

«ይሄ ሁሉ ዝርዝር ምን ያደርግልዎታል?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«የወር ክፍያ ስከፍል ደረሰኙ ላይ ‹ጥሩ ገንዘብ ተከፍሏል፤ በዚሁ ይቀጥል› ብላችሁ ነው የምትጽፉት?»

ሳቁ። ከሳቁም በኋላ አንድ ወረቀት ጎተት አደረጉ።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ በስልክ ትኮራብኛለች። እነሱ ዘንድ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ አለ፤ አይኢፒ የሚሉት የልጁ የግል ዕቅድ ወላጅ ባለበት ቢያንስ በዓመት አንዴ ይገመገማል፤ እንግሊዝኛ ለከበደው ወላጅ አስተርጓሚ ይቀርባል። «ታድለሽ!» አልኳት። «እኔና ዳይሬክተሩ ሁለታችንም አማርኛ እያወራን አስተርጓሚ አስፈልጎን ነበር።»

እናቴ ደግሞ «መቀበላቸውንስ አመስግኚ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ የሚከለክል ሞልቷል። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። «እማዬ፣ እኔ ማዕከል አልከፈትኩም፤ የከፈትኩት አፌን ብቻ ነው።»

አፌም ፍሬ አላጣም። አሁን መምህሯ በየቀኑ የመገናኛ ደብተር ትልክልኛለች። እሷን አላማርርም፤ ያን ሁሉ ልጅ ይዛ ትጽፋለች። «ዛሬ ሳሙናውን ራሱ አነሳ፤ ሊቀምሰው ሲል ያዝኩት።» ይኼን የመሰለ ሪፖርት የት ይገኛል! ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ቀጥሎም «ቧንቧውን ያለ እርዳታ ከፈተ» መጣ። በበነጋው ቤትም ሞክሩት ተባልን።

ሞከርን። ልጄ ሄደ፣ ቧንቧውን ጨበጠ፣ ከፈተ። ጠብ የሚል ነገር የለም፤ የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ አልነበረም። እጆቹን ከሥር ዘርግቶ ጠበቀ፣ ጠበቀና ጩኸቱን ለቀቀው።

የሆነውን ጽፌ ላክሁ። የሴሚስተሩ ሪፖርት ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ ዓረፍተ ነገር አየሁ፦ «ክህሎቱን ወደ ቤት አላስተላለፈም።»

ደብተሩን ይዤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተመለስኩ። «እሱ አስተላልፏል። ያላስተላለፈው የውሃ መስመሩ ነው፤ የግል ዕቅድ አውጡለት።»