23 ኪሎ ፍቅር

በፈረንጆቹ የባሕር ዳርቻ መዝናኛዎች አንድ የተመሰገነ ልማድ አለ። እንግዳው ዕረፍቱን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ግማሹ ያለቀ የፀሐይ ክሬሙን፣ በትንፋሽ ተነፍቶ የሚዋኙበትን ጎማ፣ ሻንጣ አልገባ ያለ የገለባ ባርኔጣውን ከኋላው ለሚመጣው እንግዳ ትቶለት ይሄዳል። ሰጪና ተቀባይ አይተዋወቁም። ምርቃት የለ፣ ይሉኝታ የለ፤ ያልፈለገው ሰው አንሥቶ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል።

እኛ ደብረ ማርቆሶች ባሕር የለንም። አክስት ግን አለን።

ስለዚህም ከዳላስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከስቶክሆልም ለዕረፍት ብቅ የሚለው ዘመዳችን ያንን ደግነት ሳያዛንፍ ወደ አክስቱ ሳሎን አምጥቶታል። አንዳንድ ምላሰኛ «ሻንጣ ማራገፍ ነው» እያለ ያማዋል። እኔ ሐሜት አልወድም፤ ዛሬ የተነሣሁትም ለዚህ ልማድ ጠበቃ ልቆም ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። ዘመዳችን በገባ ዕለት የሚያወጣው ስጦታና በሚሄድበት ዋዜማ የሚያወጣው አንድ አይደሉም። የገባ ዕለት ሽቶ፣ ሻርፕ፣ ቸኮሌት ነው፤ በዚያ ላይ ማንም ቃል የለውም። የኔ ጥብቅና ስለ መጨረሻዋ ማታ ነው።

ያቺ ማታ የኑዛዜ ማታ ናት። ሻንጣው አልጋ ላይ ተጋድሞ አፉን ይከፍታል። ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፤ ድምፅ ይቀንሳል፤ ሕፃናቱ እንዳይረብሹ ይቆነጠጣሉ። ተናዛዡ በረጅሙ እየተነፈሰ አንድ በአንድ ያወጣል። «ይኼ ጫማ ላጎቴ ይሁን።» ጫማው 45 ቁጥር ነው፣ ያጎቴ እግር 40። «ካልሲ ይደርቡበት» ይባላል፤ ካልሲ ግን ኑዛዜው ውስጥ የለም። «ይኼ ደግሞ ላንቺ ነው እትዬ።» አውሮፕላን ላይ አንገት የሚደገፍበት፣ እንደ ቀንበር ማነቂያ የተቆለመመ ትራስ። እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ አምበር ገበያ ደርሳ የተመለሰችው በእግሯ ነው፤ እየሄዱ እንዴት እንደሚተኛ ገና ትማራለች። ለእረኛው ልጅ ካናቴራ ደረሰው። ደረቱ ላይ የሁለት ሙሽሮች ስምና የሠርጋቸው ቀን ታትሟል። ሙሽሮቹን ማናችንም አናውቃቸውም፤ ተናዛዡ እንደነገረን ከተፋቱም ቆይተዋል። ትዳሩ ግን እነሆ ከከብት ኋላ፣ በጮቄ ብርድ ጸንቶ ይኖራል።

ከሌላው ኑዛዜ የሚለየው ሟቹ በማግስቱ ከነነፍሱ በቦሌ በኩል ማረጉ ብቻ ነው።

ስለ ፀጉር ማድረቂያው ለብቻው መናገር አለብኝ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ተናዛዡም ያውቃል፤ እዚህ በሰነበተባቸው ሦስት ሳምንታት አንዴም ሶኬት ያልሰካው ስለሚያውቅ ነው። ለእህቴ ልጅ አወረሳት። መብራት ሳይጠፋ በዋለበት በዚያ ብርቅ ቀን፣ ልጅቱ ፀጉሯን ታጥባ፣ ጎረቤት ጠርታ ሰካችው። ለጥቂት ሰኮንድ እንደ አውሮፕላን ጮኸ። ከዚያ ጭስ። ጎረቤቶቿ ዛሬም ድረስ የሚያወሩት ስለዚያ ድምፅ ነው፤ ስጦታ ይህን ያህል ዘመን ሲወራለት ካየሁ ቆይቻለሁ። ለአጎቴ የደረሰው ስልክ ደግሞ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል፣ ይበራል፣ ያምራል፤ የይለፍ ቃሉን ግን ባለቤቱ ረስቶታል። አጎቴ ሰዓት ያይበታል።

እዚህ ላይ ምላሰኛው «ታዲያ ለምን ያመጣዋል?» ይላል። ጥያቄው የተሳሳተ ነው። ለምን አመጣው ሳይሆን ለምን መልሶ አይወስደውም ነው መባል ያለበት። መልሱን ለማግኘት ቅኔ መቁጠር ያስፈልጋል፤ እንደ ዕድል ሆኖ እኛ ጎጃም ነን። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ እያለ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ደበሎውን ለብሶ ከየአገሩ ተማሪ የመጣው ወደዚህ ነው። «ለናንተ ትቼላችሁ ነው የምሄደው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሰሙ ፍቅር ነው። ወርቁ 23 ኪሎ ነው።

ወደ አሜሪካ የሚበር መንገደኛ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ተናዛዡ ሲመጣ ሁለቱንም ሞልቶ መጥቷል። ሲመለስስ? እትዬ ከወር በፊት ጀምራ በርበሬ ስትቀነጥስ ሰንብታለች፤ አጥባ፣ አስጥታ፣ ከኮረሪማውና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ደልዛ፣ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ቆማ አስፈጭታዋለች። ሽሮው ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ዳግመኛ ተለቅሟል። ቅቤው ሦስት ገበያ ተዙሮ ተገዝቶ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ተነጥሮ፣ እንዳይፈስ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ታስሯል። ማሩ አለ፣ ድርቆሹ አለ፣ ዳቦ ቆሎው አለ፣ የነጭ ጤፉ ዱቄት አለ። ከዚያ ላይ ጋቢ።

የኑዛዜው ማታ እንግዲህ የሚዛን ማታም ናት። ከጎረቤት ሱቅ ባለ መንጠቆ ሚዛን ይመጣል፤ ሻንጣው እንደ ሙክት ይንጠለጠላል። «24 ተኩል!» አንድ ጥንድ ጫማ ይወጣል፤ ያጎቴ ውርስ ሆነ። «23 ከሩብ!» ፀጉር ማድረቂያው ይወጣል። ካናቴራው፣ ትራሱ፣ ግማሽ የቀረው ሻምፖ። መርፌው 23 ላይ ሲረጋ ዘመድ ሁሉ እልል ሊል ይዳዳዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ነገር ሁሉ ሲዋዥቅ፣ እኛ ቤት ያለው ተመን ግን ንቅንቅ አላለም፤ አንድ ጥንድ አሮጌ ጫማ በአንድ ኪሎ የተደለዘ በርበሬ። ባንክ እንዲህ ያለ ጽናት የለውም።

ቋንቋችንም እንደኔው የዚህ ልማድ ጠበቃ ነው። «ተረፈ» ካለው አንድ ግሥ ትርፍም ይወጣል፣ ትራፊም ይወጣል። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሚዛኑን ያየ ይፈርዳል።

አንድ የሚያስቀናኝ የተተወ ዕቃ አለ፤ ሃይላንድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። መኪና ባለፈ ቁጥር ልጆች ከጤፉ ማሳ ብቅ እያሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። ቀድሞ ስሙ የገነነ የታሸገ ውሃ ስለነበረ፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ምልክቱ ምንም ይሁን ሃይላንድ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ጠርሙስ ጠበል ይቀዳበታል፣ ዘይት ይገዛበታል፣ አረቄ ይሸጥበታል፣ ተማሪ ውሃ ይዞ ትምህርት ቤት ይሄድበታል፣ ኩራዝ ባለበት ቤት ላምባ ይቀመጥበታል። ክዳኑ እንኳ አይጣልም። ተጓዡ ግን በመስኮት ሲወረውረው ቆሻሻ የጣለ ስለሚመስለው ያፍራል። ልብ በሉ፤ በስሙ ተጠርቶ በተለመነው፣ በሚፈለገው ነገር ያፍራል፤ ማንም ላልጠየቀው የአንገት ትራስ ግን ይመረቃል። ከሀብታም አገር እስከ ጮቄ ግርጌ ድረስ ከሚተው ዕቃ ሁሉ ተቀባዩ የመረጠው ይህን አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም ስጦታ ብሎ የሚጠራው የለም።

ሕግ አክባሪነታችንም አይረሳ። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ ቦንዳው በኮንትሮባንድ ሲገባ ይወረሳል። ገንዘብ ከፍለህ፣ መርጠህ፣ ለክተህ የምትገዛው ልባሽ ወንጀል ነው ማለት ነው። ሳትመርጥ፣ ሳትለካ፣ እየመረቅህ የምትቀበለው ግን ዝምድና ነው።

ጉዳዩ ከሻንጣ ወደ ኮንቴይነር ሲያድግ ደግሞ ዕርዳታ ይባላል። በፈረንጆች 1989 በኤርትራ፣ ጦርነቱ ገና ሳይበርድ፣ በዕርዳታ ስም ከገባው መድኃኒት መካከል ጊዜው ያለፈበት አስፕሪን ብቻ 7 የጭነት መኪና ሞልቶ ነበር፤ አቃጥሎ ለመጨረስ 6 ወር ፈጀ። ራስ ምታት ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ነገር ሲበዛበት በፈረንጆች 1996 መመሪያ አወጣ። መድኃኒቱ ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕድሜ ይኑረው፤ በሽተኛ ወስዶ የመለሰውና ለናሙና በነፃ የታደለው አይላክ፤ ከሁሉ በፊት ተቀባዩ ምን እንደሚያስፈልገው ይጠየቅ። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! እትዬን ምን እንደሚያስፈልጋት የጠየቃት ማን ነው? ብትጠየቅ «ደኅና ሁኑልኝ እንጂ እኔ ምን እፈልጋለሁ» ትላለች፤ ይህ ደግሞ ጉዳዩን ለተናዛዡ ያቀልለታል። የምር የሚያስፈልጋትን የጉልበቷን ቅባት ስም የሚያውቀው የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ነው።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ከአንዱ ሻንጣ የወጣ ወፍራም ካፖርት አለ፤ አያቴ ከነሐሴ በረዶ እስከ ኅዳር ውርጭ ሳያወልቁት ለብሰውት፣ ሲያርፉ ለዘበኛ ተላልፎ ዛሬም ይሠራል። ሰጪው ያን ካፖርት ከትከሻው ላይ አውልቆ ነበር የሰጣቸው፤ እሱንም በርዶት ነበር። ይህ ለጥብቅናዬ ስለማይረዳኝ አልፈዋለሁ።

የቀረው ሁሉ የሚያርፈው እትዬ ቡፌ ውስጥ ነው። ሉሲን ቆፍረው ያወጡ ሰዎች ቢያዩት ይወዱታል፤ ዘመኑ በንብርብር ተቀምጧል። ከታች፣ በ2000 ዓ.ም. ለሚሊኒየሙ በዓል ከመጡት የተተወ፣ ቀለሙ የነጣ የሆቴል ሻምፖ። ከላዩ በየዓመቱ የተከማቸ፤ ቁልፍ ማንጠልጠያ፣ ቻርጀር አልባ ካሜራ፣ የአውሮፕላን ካልሲ። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ለገና አንድ ሚሊዮን ሰው ወደ አገሩ ይምጣ ተብሎ ጥሪ በተደረገ ጊዜ ብቅ ካለው ዘመድ የተገኘ፣ ያን ጊዜውኑ ሁለት ወር የቀረው የቫይታሚን ብልቃጥ። እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉንም አውርዳ ትወለውላለች። መጣል አይሆንም፤ የሰጣት ሰው ተመልሶ መጥቶ «የት ደረሰ?» ቢልስ? የባሕር ዳርቻው እንግዳ ከዚህ ሁሉ ያመለጠ ምስኪን ነው፤ የተተወለትን ዕቃ የሚወለውልለት ማን አለው?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገዱ እንደ ልብ ስላልሆነ አንዳንዱ ዘመድ አዲስ አበባ ላይ ይቀራል። ልማዱ ግን አልተቋረጠም። እትዬ ራሷ፣ በርበሬዋንና ቅቤዋን ተሸክማ፣ መንገዱ የተከፈተ ዕለት አባይን ተሻግራ ትሄዳለች። ሄዳ አስረክባ፣ የድርሻዋን ይዛ ትመለሳለች። ባለፈው የያዘችው ሻንጣውን ራሱን ነው፤ አንድ ጎማው ስለወለቀ ተሰጣት።

የዚያ ዕለት አሸኛኘት ላይ ነበርኩ። ሁለቱም ሻንጣ 23፣ 23 ሆኖ ታሽጎ በር ላይ ቆሟል። ተናዛዡ የአክስቱን ጉልበት ሳመና «እትዬ፣ እንዲያው ዘንድሮ ባዶ እጄን መጣሁብሽ» አላት፤ እንዲህ የሚባለው አይደለም እንድትለው ነው።

እትዬ የተወለደችው ቅኔ ቤት አጥር ሥር ነው። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጎማው የወለቀውን ሻንጣ ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ምን አጎደልክብኝ ልጄ። እግዜር የእጅህን ይስጥህ» አለችው።

«አሜን!» አለ፤ ከልቡ፣ ጮክ ብሎ።