ቢያድግልኝ አደገ

የልጅነት ጎረቤቴን እንኳን ደስ ያለህ ልለው ነው። ትክክለኛ ስሙን አልጠራም፤ ለጊዜው ቢያድግልኝ እንበለው። እናቱ ሁለት ልጅ ቀብረው ሦስተኛው ሲመጣ እንደ ስለት ያወጡለት ስም ነው። ልጁም አላሳፈራቸውም፣ አደገ። ካደገ በኋላ «ቢኒ» ተባለ። ብልህነት ነው፤ ጸሎቱ ከደረሰ ወዲያ ምን ይደጋገማል?

የአገራችን አጠራር ግን ለእንዲህ ያለ ሰው አይመችም። የራስን ስም ቢያሳምሩት አባት ከኋላ ይከተላል። ቢኒ ለዚህም ዘዴ አላጣ፤ የአባቱን ስም አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ አደረገው። ሽማግሌው መርካቶ ኩንታል ሲሸከሙ ነው የኖሩት፤ እንዲህ የቀለላቸው ገና አሁን ነው።

«ያደግሁት ፒያሳ ነው» ይላል። ውሸት እንዳትሉት፤ ዶሮ ማነቂያም ያው ፒያሳ ነው። ለስምንት ቤት አንድ ሽንት ቤት መኖሩን የመናገር ግዴታ የለበትም። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ስንቱ እንባውን ሲያፈስ፣ እሱ እፎይ ሳይል አልቀረም። የሚመሰክርበት ግድግዳ ሁሉ ወደቀ። የቀረነው እኛ ነን፤ እኛም ኮንዶሚኒየም ለኮንዶሚኒየም ተበትነናል።

እናቱ ጠላ ጠምቀው ነው ያስተማሩት። ደብተሩ ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር። ዛሬ ሲጠየቅ «እናቴ በመጠጥ ንግድ ላይ ነበረች» ይላል፤ ሰሚው ፋብሪካ ይመስለዋል።

እርግጥ በእናት ሙያ መሰደብ የቆየ ነገር ነው። ደጃዝማች ወንድይራድ ካሳን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ ፎከረበት፤ ተማርኮ ያንኑ ኮሶ ተጋተ ይባላል። ለእናት መቆም እንዲህ ነው እንግዲህ፣ በዋንጫ! ያው ካሳ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ከነገሠ በኋላ የሰሎሞን ዘር ነኝ ማለቱም አልቀረም። ቢኒ ከታሪኩ የሚወደው ይቺን የመጨረሻዋን ነው፤ ኮሶውን ይዘለዋል። ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ የከለከለው ሰውን መስደብ ነው፤ የገዛ እናቱ ሙያ እንደ ስድብ ስለሚሰማው ልጅ ግን ምንም አይልም።

ባለፈው ቦሌ አንድ ሆቴል አገኘሁት። ብይ አብረን የተጫወትን ሰዎች፣ «ይቅርታ፣ እርስዎን የት ነው የማውቅዎት?» አለኝ። አንቱታው አላስከፋኝም፤ ከሰፈራችን ልጅ አንቱ ሲባል እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ከጓደኞቹ ጋር ስለ ቡናው አቆላል ቃላቱን ግማሹን እየዋጠ ይተቻል፤ ፍሬው አሲዱ በዝቷል፣ ምናምን። አስተናጋጇ በትንሽ ሳህን ቆሎ አምጥታ አስቀመጠች። ወሬውን ሳያቋርጥ አንድ እፍኝ ዘገነ፣ በሁለት መዳፉ አሸት አሸት አደረገና አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እፍ!» አለበት። ገለባው ኮቱ ላይ አረፈ።

ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። ስልኬን የማነብ መሰልኩ።